ጥያቄ፦ የቀበና ወንዝ ዳር አረንጓዴው እንዳይቆራረጥ በአካባቢያችን ፕላን ላይ ምን ብለን እናስገባ?

የቀበናው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ቤቴ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድ ብሎ ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

በ1983 ወደዚህ ሰፈር ስገባ የጅብ ድምፅ ሳይሰማ የሚያድር ሌሊት አልነበረም። ጅቦቹ ቀን እንጦጦ ጫካ ውስጥና የወንዙ ገደል ላይ ባሉ ጉድጓዶች ይውላሉ። ሲመሽ ወንዙን ይዘው ይወርዱና የሞተ ውሻ፣ ከየቤቱ የተጣለ አጥንት፣ የበዓል ሰሞን ደግሞ የእርድ ትርፍራፊ ለቃቅመው ሳይነጋ በመጡበት ይመለሳሉ። ከአጥሬ ሥር የሚያልፈው መንገዳቸው ከመመላለስ ብዛት ሣር አይበቅልበትም ነበር። ክረምት ላይ ተማሪዎቼን ይዤ እየመጣሁ ጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ በማስመሪያ እናስለካ ነበር። የፊት እግሩ ከኋላው እንደሚሰፋ ልጆቹ ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚያው ጭቃ ላይ ነው የተማሩት።

አምና ሐምሌ ላይ ከእኛ በታች ባለው ቦታ አንድ አልሚ ከውኃው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አሠራ። ካርታ አለው፣ ፈቃድም አለው ተባልን። ግንቡ ባለቀ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ተነሥቼ በመስኮት ስመለከት አንዲት ጅብ ግንቡ ሥር ቆማለች። አፍንጫዋን ድንጋዩ ላይ አድርጋ እያሸተተች እስከ ውኃው ሄደች፤ ውኃው ሞልቷል። ተመልሳ እስከ ላይኛው ጥግ ሄደች። ሁለት ጊዜ እንዲህ ተመላለሰች። ከዚያ በጎረቤቴ ግቢ ጎን ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ወጥታ አስፋልቱን ተሻገረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ንጋት ላይ ለጸሎት ስወጣ ድልድዩ አጠገብ መኪና ገጭቷት ወድቃ አገኘኋት። ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም፤ ሴት መሆኗንና ጡቷ ወተት እንደያዘ ግን አየሁ። የጅብ ልጆች ከዓመት በላይ በእናታቸው ወተት ነው የሚያድጉት። ያን ሳምንት በሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ወረዳችን የአካባቢው ልማት ፕላን ሊከለስ ነው ብሎ ለውይይት ጠራን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ ቀረብ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ ቀለም አለበት፤ ግን እዚህ ጋ አንድ ጠብታ፣ እዚያ ጋ አንድ ጠብታ ነው። የኤምባሲ ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የሰፈር መናፈሻ፣ የመንገድ አካፋይ። በመካከላቸው ያለው ሌላ ቀለም ነው። «እነዚህ ለምን አልተገናኙም?» ብዬ ስጠይቅ ባለሙያው በትሕትና «መምህር፣ የአረንጓዴው ድርሻ ሞልቷል» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። የሚቆጥረው ሄክታር ነው፤ መያያዙን የሚቆጥርበት መስመር ቅጹ ላይ የለም።

ቀበናን ልብ ብላችሁ ተከተሉት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቀበና ድልድይ፣ በኡራኤል በስተጀርባ አልፎ፣ ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ የሚባሉትን ወንዞች ተቀብሎ፣ በፒኮክ በኩል ወደ ቡልቡላ ይወርዳል። ከዚያ ትልቁ አቃቂ ተብሎ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። ከከተማዋ ራስ እስከ እግሯ ድረስ ሳይቋረጥ የሚወርድ ሕይወት ያለው ነገር ቢኖር ይህ የወንዝ መስመር ነው። መንገዱ የጅብ ብቻ አይደለም። የሾላ ፍሬ የበላች ወፍ ዘሩን ወንዝ ለወንዝ ይዛ ትወርዳለች። በየጠዋቱ እየጮኹ በቡድን የሚያልፉት፣ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነው ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የሉም፤ ቀን ላይ የሚለቅሙት ግን ከእኛ ወንዝ ዳር ሣር ውስጥ ነው። ከሌላው ተቆርጦ ለብቻው የቀረ ደን ወዲያው አይሞትም። ዛፉ ቆሞ ይታያል፤ አዲስ ዘር አይመጣለትም፣ እንስሳቱ ከገዛ ዘመዶቻቸው ጋር ይራባሉ፣ በየዓመቱ አንድ ዓይነት እየጎደለ ይሄዳል። የሚያይ ሰው «ደኑ አለ» ይላል።

ዛሬ ኮሪደር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የመንገድ ዳር ልማቱን ስለሆነ በስብሰባው ላይ «ሥነ ምህዳራዊ ኮሪደር» ብል የእግረኛ ንጣፍና መብራት የጠየቅሁ መሰላቸው። የምጠይቀው መብራት የሌለበት፣ ንጣፍ የሌለበት፣ ዝም ብሎ የሚቀጥል መሬት ነው።

ስለዚህ የፕላን ነገር የምታውቁ ንገሩኝ። ምን ዓይነት ቃል ነው ፕላኑ ላይ መግባት ያለበት? ስንት ሜትር ብለን እንጠይቅ? አስተያየታችንስ ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ አልፎ ካርታው ላይ እንዲሠፍር ምን እናድርግ?


የካርታ ሰው፦

መምህር፣ እንደ እርስዎ ያለ ጥያቄ በሕዝብ ውይይት ላይ ቢነሣልን ኖሮ ሥራችን በቀለለ ነበር። በክልል ከተሞችም እዚህም በፕላን ሥራ ላይ ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርዎ።

በ2000 በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ (ቁጥር 574) መሠረት ፕላን ሁለት ደረጃ አለው። ላይኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ የከተማውን አጽም ያወጣል። ታችኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ እርስዎ ግድግዳ ላይ ያዩት። ታችኛው ላይኛውን መቃረን ስለማይችል ላይኛው ላይ ያልተሳለ ነገር ታች ሲጠየቅ «ይህ ከእኛ በላይ ነው» ይባላል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ከ2009 ጀምሮ ለ10 ዓመት የተዘጋጀ ነው። ይህ ማለት ቀጣዩ የሚታሰብበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። የሰፈርዎን ስብሰባ አይተዉት፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ለላይኛው ያዘጋጁ።

ያ ልጅ «ድርሻው ሞልቷል» ያለዎት ከ30-30-40 መርሁ ነው። 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ጥሩ መርሕ ነው፣ ከዚያ በፊት ከነበረው እጅግ ይሻላል። ነገር ግን አንድ ከተማ 30 በመቶውን በአደባባይና በመንገድ አካፋይ ሞልቶ አንዲት ወፍ እንኳ የማታርፍበት ሊሆን ይችላል። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ስፋት ይለካል፣ ቀጣይነት አይለካም። ስለዚህ የምመክርዎ «አረንጓዴ ይጨመርልን» እንዳይሉ ነው። «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ የማይቋረጥ መስመር ይሁን፤ የሚያቋርጠው ማንኛውም ግንባታ ማለፊያ ይተው» ይበሉ። በፕላን ቋንቋ በመሬት አጠቃቀሙ ላይ የሚደረብ ዞን ይባላል። ከሥሩ ያለው መሬት የኤምባሲ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የግለሰብም ሊሆን ይችላል፤ ባለቤትነቱ አይነካም፤ የማይሠራበት ነገር ብቻ ይወሰናል።

ስለ ሜትሩ ቁጥር ከመጥራትዎ በፊት ከየት እንደሚለካ ይጠይቁ። ትልቁ ጉድ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀበና ወንዝ በብዙ ቦታ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው። ከወንዙ መካከል ቢለካ የተባለው ሜትር ገደሉ ላይ ያልቅና አፋፉ ነፃ ሆኖ ለግንባታ ይተርፋል። አፋፉ ላይ ቤት ሲሠራ ገደሉ ይናዳል፤ ገደሉ ሲናድ የድጋፍ ግንብ ይመጣል፤ ግንብ ሲመጣ የእርስዎ ጅብ አስፋልት ላይ ትወጣለች። ልኩ ከአፋፉ ወደ ውጭ እንዲጀምር ያስጽፉ። ክርክሩን የሚያሸንፍልዎት የጎርፉ ጉዳይ ይሆናል። በነሐሴ 2013 የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ውኃው የራሱን መሬት ነው የጠየቀው።

ሌላው መብራትና ድልድይ ነው። ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ወንዝ ዳር በተርታ የተተከለ ነጭ መብራት ካየ ግንብ እንዳየ ነው፤ ብዙው አያልፍም። መብራቱ ዝቅ ያለ፣ ወደ መሄጃው ብቻ የሚያበራ፣ አንደኛው ዳርቻ ጨርሶ ጨለማ ይሁን ማለት ይቻላል። መንገድ ወንዝ ሲሻገር ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ቱቦ ይቀበራል። ቱቦ ውስጥ ክረምት ውኃ ይሞላዋል፣ በጋ ቆሻሻ ይዘጋዋል። ከሥሩ በውኃው ግራና ቀኝ ደረቅ መሬት የሚተው ድልድይ ግን ለጅብም ለሰውም ማለፊያ ነው።

በመጨረሻ አንድ የቢሮ ምሥጢር ልንገርዎ። ቀለም መሬት አያድንም። መሬት የሚሰጠው በኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን በሚያሳዩ ቁጥሮች ነው። የማይቋረጠው መስመር የማዕዘን ነጥቦቹ ተለክተው ዳታው ውስጥ ካልገቡ በስተቀር ነገ አንድ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ ያ መሬት «ክፍት ቦታ» ሆኖ ይታየዋል። ክፍት የተባለ ቦታ ደግሞ ወይ ለሊዝ ጨረታ ይወጣል ወይ ለሆነ ነገር ይመደባል። ክፍት አይደለም፣ ሥራ ላይ ያለ መሬት ነው ብለው ስም ያሰጡት።


ናቲ ሾላ፦

መምህር በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት። ጅብ ሰውስ ቢበላ? እኛ ሰፈር ውጭ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ስለ አውሬ መንገድ ስናወራ እነሱን ማን ያስባቸዋል?


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ልቤን ነካው፤ እኔም የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነኝ፤ አሁን ሜሪላንድ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። እዚህ በየቀኑ የማየውን ላካፍላችሁ።

ዋሽንግተንን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጥ ሮክ ክሪክ የሚባል ወንዝ አለ። የአሜሪካ ምክር ቤት ፓርክ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ስፋቱ 700 ሄክታር ገደማ፣ ከጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ጋር የሚቀራረብ ነው። እኔን የገረመኝ ከከተማው ውጭ ያለው ክፍል ነው። ወንዙ የሚነሣው ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ ከተማው የራሱን ድርሻ ብቻ ቢጠብቅ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍና ጭቃ መመለስ አይችልም ነበር። ስለዚህ በ1927 ሁለት አውራጃዎችን አንድ ላይ የሚያቅድ የፓርክና የፕላን ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1930 ደግሞ የወንዝ ሸለቆዎችን መግዣ ገንዘብ በሕግ ተመደበ። ያኔ አካባቢው አብዛኛው እርሻ ነበር። ቤት ሳይመጣ ሸለቆውን ገዙት። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ወጥቼ ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን ሌላ ወንዝ ይዤ ስሄድ አጋዘን ልጇን አስከትላ ታልፋለች፤ ግራና ቀኝ ግን እንደ ቦሌ የተጨናነቀ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኮዮቴ የሚባለው የቀበሮ ዘመድ ሮክ ክሪክ ውስጥ ታየ። ማንም አላመጣውም፤ መስመሩ ስላልተቋረጠ ራሱ መጣ።

ሁሉም የተሳካ እንዳይመስላችሁ። በከተማው ክልል ዝናብ ሲበረታ የፍሳሽ ቱቦው ሞልቶ ዛሬም ወንዙ ውስጥ ይገባል። ለዓሣ ማለፊያ የሚሆን መሰላል ደግሞ አሮጌው የወፍጮ ግድብ ላይ የሠሩት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ይመስለኛል፦ የእኛም ወንዝ በአንድ ከተማ ድንበር ውስጥ አያልቅም። አቃቂን አልፎ ኦሮሚያ ይገባል። አዲስ አበባ ብቻዋን ብታቅድ መስመሩ ደቡብ በር ላይ ይቆረጣል።


የመካኒሳ ልጅ፦

እኔ ደግሞ የተለየ ነገር ልበል፤ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

አባቴ ትንሹ አቃቂ ዳር አትክልት ሲተክል ነው ያሳደገን። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ያጭዳል፣ እናቴ እየነከረች በእቅፍ በእቅፍ ታስራለች፣ እኔ ከትምህርት በፊት እስከ መንገድ እሸከማለሁ። ውኃው ንጹሕ አልነበረም፤ ከፋብሪካም ከሽንት ቤትም የሚመጣ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ስንቴ ስማችን እንደጠፋ አልነግራችሁም። ብክለቱን ግን ያመጣው አባቴ አይደለም።

ወንዝ ዳር ፕላን በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው ሰው እንዲነሣ ነው። ጎረቤቶቻችን ተነሥተው ቦታቸው በሣር ንጣፍና በአበባ ተሸፈነ። ያማረ ነው፣ አልክድም። ግን መምህርን ልጠይቅ፦ የአባቴ ማሳ በፊት ውስጡ እንቁራሪት ይጮህ ነበር፤ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ ማሳው ላይ ይተኛና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ያ አሁን በድንጋይ ተገርቷል። የእርስዎ ካርታ ላይ የአባቴ ማሳ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ለጅብ መንገድ ሲጠየቅ የሰውም ቦታ አብሮ ይጠየቅ።


የቀበናው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተራ ልመልስ።

ልጄ ናቲ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ጅብ ሰውን ያጠቃል፤ የሚያጠቃውም አብዛኛውን ጊዜ ደጅ የወደቀውን፣ ሕፃኑንና የደከመውን ነው። በዚህ ከተማ ደርሷል። ልጆቹ ከደጅ መነሣት አለባቸው፤ ይህ የጅብ ጉዳይ ሳይሆን የእኛ ዕዳ ነው። ነገር ግን ያየሁትን ልንገርህ፦ ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ጅቦቹ ገደሉ ውስጥ ነበር የሚያልፉት፤ ሰው ከሚያድርበት መንገድ አይገናኙም ነበር። ዛሬ በቀጭኗ መተላለፊያ ወጥተው ልጆቹ ከሚተኙበት ሱቅ በረንዳ ፊት ያልፋሉ። መንገዱን ስንዘጋባቸው አልጠፉም፤ ወደ እኛ መጡ።

የካርታ ሰው፣ ከአፋፉ ይለካ ያልከኝን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አስረዳሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ከቤቴ እስከ ቀበና ድልድይ በእግር ወረድን። አንዱ ስልኩ ላይ ኮኦርዲኔት ይይዛል፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። መስመሩ ፈጽሞ የተቆረጠበት አራት ቦታ አገኘን። ሁለቱ ግንብ ናቸው፣ አንዱ የተደፋ የግንባታ አፈር ነው፣ አራተኛው ቱቦ ነው። አራት ብቻ መሆኑ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሌላው ሁሉ ጠባብ ይሁን እንጂ ይቀጥላል። አፈሩን በአንድ ሳምንት ማስነሣት ይቻላል። ከግንቦቹ አንደኛው ላይ አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን ክፍተት ሥሩ ላይ ቢተውለት ይበቃል፤ የግቢውን ጠባቂ ሳነጋግረው «አሠሪዎቹን እጠይቅልዎታለሁ» አለኝ።

ወንዙ ዳር የቆመውንም ቆጠርን። ሾላ 11፣ ወይራ 6፣ ብሳና ብዙ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት። ከሥሩ ምንም ያልበቀለበት የባሕር ዛፍ ጥጉ ላይ አለ፤ እሱን አንቆርጥም፣ በመካከሉ ሾላ እንተክልበታለን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ፣ ቤት ሳይመጣ ሸለቆውን ገዙት ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለእኛ ቀበና ላይ ያ ጊዜ አልፏል። ከቡልቡላ በታች ወደ አባ ሳሙኤል ባለው ግን ገና እርሻ የሆነ ቦታ አለ። እዚያ ያለው መስመር አሁን ካልተሳለ የልጅ ልጆቼ ናቸው እንደ እኔ ክፍተት እየቆጠሩ የሚሄዱት።

የመካኒሳዋ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እርሷም የገበሬ ልጅ ናትና «መልስላት» አለችኝ። የአባትሽ ማሳ በእኔ ካርታ ላይ ከመስመሩ ውስጥ ነው። ውኃ ቀስ ብሎ የሚተኛበት፣ እንቁራሪት የሚጮኽበት፣ ሌሊት ባዶ የሚሆን መሬት ከሣር ንጣፍ ይልቅ ለአውሬም ለወንዙም ይመቻል። ስለዚህ ጥያቄያችን ላይ «በከተማ ግብርና የተያዘ የወንዝ ዳር መሬት የመስመሩ አካል ሆኖ ከነገበሬው ይቀጥል፤ ከላይ የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን ይገታ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ። ቃሉን አንብበሽ የሚስተካከል ካለ ንገሪኝ፤ አባትሽንም በስሜ ሰላም በዪልኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ በመጪው ሐሙስ ነው። የካርታ ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ ስልክ ላይ የያዝናቸውን ነጥቦች በምን መልክ ብንሰጣቸው ነው ዳታቸው ውስጥ በቀጥታ የሚያስገቡት? በወረቀት አትሜ ብሰጥ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ብዬ ሠጋሁ።


የካርታ ሰው፦

መምህር፣ በወረቀትም በፍላሽም ይስጡ። የወረቀቱን መዝገብ ቤት አስገብተው የገቢ ቁጥር ይቀበሉ፤ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ መልስ ይጠይቃል። ነጥቦቹን ደግሞ የከተማው ካርታ በሚሠራበት መለኪያ፣ አዲንዳን ዞን 37 በሚባለው፣ በኤክሴል አድርገው ይዘው ይምጡ። ስልክ የሚሰጠው ሌላ መለኪያ ስለሆነ ሳይቀየር ከገባ መስመሩ ከቦታው ይሸሻል፤ ያኔ የወንዙን አፋፍ ትቶ የሰው ቤት ላይ ያርፋል። እስከ ረቡዕ ማታ ይላኩልኝ፣ እኔ ቀይሬ እመልስልዎታለሁ። ሐሙስ ራሴም እመጣለሁ።